ተለጣፊ ወረቀት ፊልም አያጫውትም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ሳሎን ላይ ጥራት ያለው ፊልም ማየት ፈልጌ ነበር፣ ይሄ ቦክስ እንዴት ነው?» ከዚያ ፎቶ ይከተላል። መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው፤ ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «8ኬ»፣ ከሥሩ «16 ጂቢ ራም»፣ ከሥሩ ደግሞ «256 ጂቢ» ይላል። የእኔም መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ተወው። «ለምን?» ይመጣል። እኔም እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ስለደከመኝ ይኸው አንዴ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሼር አድርጉለት። ረጅም ነው፣ የቸኮለ ማታ ይመለስበት።

ከወዲሁ ልናገር፤ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ የሚመለከተው ገዢውን ሳይሆን ሻጩን ነው። ከሻጮቹ መካከል ደግሞ የገዛ ተማሪዎቼ አሉ። ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ፣ ሳሪስ፣ አቃቂ ገበያ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ የከፈታችሁ ልጆቼ፣ እናንተን ነው። ሱቃችሁን ሳይ ደስ ይለኛል፤ መደርደሪያችሁ ላይ ያንን ካርቶን ሳይ ግን ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። የማዞረው ስለማላውቃችሁ አይደለም።

እስቲ ከ«8ኬ» እንጀምር። 8ኬ ማለት በወርድ 7680፣ በቁመት 4320 ነጥብ ያለው ምስል ነው። አባዙት፤ 33 ሚሊዮን ነጥብ ይመጣል። አሁን ግድግዳችሁ ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን ዙሩ። 32 ኢንች ከሆነ አብዛኛው 1366 በ768 ነው፤ አንድ ሚሊዮን ነጥብ። 43 ኢንች «ፉል ኤችዲ» ከሆነ 1920 በ1080፣ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ። ሳጥኑ የተጻፈበትን በእውነት ቢያደርግ እንኳ (አያደርግም) በ32 ኢንቹ ላይ ከ31 ነጥብ 30ው የሚታይበት ቦታ የለውም። ፊልሙስ? ከሰፈር በፍላሽ የምታስጭኑት ትርጉም ፊልም፣ ተከታታዩ ድራማ፣ ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቀው የአማርኛ ፊልም፣ አብዛኛው 720 ወይም 1080 ነው። 8ኬ የአማርኛ ፊልም አለኝ የሚል እጁን ያውጣ።

የራሙ ነገር ደግሞ ዓይን ያወጣ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስታዩ «16 ጂቢ» ይላል፤ ሶፍትዌሩ እንዲያ እንዲል ተደርጎ ነዋ የተጻፈው! ክዳኑን ፈታችሁ የሚሞሪውን ቺፕ ቁጥር ስታነቡ 1 ወይም 2 ጂቢ ሆኖ ይገኛል። ተማሪዎቼ፣ ይህን ክፍል ውስጥ በጋራ ከፍተን አይተናል። አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። «2 ቴራ» ተብሎ በምሳ ዋጋ የሚሸጠው ፍላሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ኮምፒውተሩን «2 ቴራ ነኝ» ብሎ ይዋሸዋል፣ እውነተኛ መጠኑ ሲሞላ ከዚያ በላይ የጫናችሁት ሁሉ የለም። የሰርግ ቪዲዮውን እዚያ ላይ አስቀምጦ ያጣ ሰው በየሰፈሩ አለ።

የባሰው ግን ውሸቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አንድ ካናዳዊ ባለሙያ በኢንተርኔት የገዛውን ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ሲመረምር ገና ከፋብሪካው ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጭኖበት እንደመጣ አገኘ። በመስከረም 2024 ዶክተር ዌብ የተባለው የሩሲያ ፀረ ቫይረስ ድርጅት በ197 አገሮች 1.3 ሚሊዮን ገደማ እንዲህ ዓይነት ሳጥኖች በአንድ ቫይረስ መያዛቸውን አስታወቀ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እነዚህ ሳጥኖች ምን ይሠራሉ? የእናንተን ኢንተርኔት ለማታውቁት ሌባ መሸጋገሪያ ያደርጉታል፤ ሌባው በዓለም ላይ የሚሠራውን የሚሠራው በእናንተ መስመር በኩል ነው። እናንተ ተኝታችሁ ሳጥኑ ማስታወቂያ ሲነካካ ያድራል። የዳታ ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ከጥቅላችሁ ነው የሚበላው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቴሌብርና የባንክ አፕ ያለበት ስልካችሁ ከተገናኘበት ዋይፋይ ላይ ሆኖ ነው። ሁሉም ሳጥን እንዲህ ነው አልልም። የጉግል ማረጋገጫ ያላቸው፣ የታወቀ ስም ያላቸው አሉ፤ ጥሩ የቤት ኢንተርኔት ላለው ሰው እነሱ ምንም አይሉም። እኔ የምለው ስም የለሹን፣ በየወሩ ስሙን የሚቀያይረውን ነው። ሱቃችሁ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ እሱ ነው።

ሁለተኛው በሽታችን «ኮር አይ 7» ይባላል። ከሳጥኑ የሸሸ ሰው እዚህ ይወድቃል። «ኮር አይ 7 ነው!» ይላል ሻጩ፤ ገዢውም ደረቱን ነፍቶ በግ የሚያህል ሲስተም ዩኒት ተሸክሞ ታክሲ ይይዛል። የስንተኛ ትውልድ አይ 7 ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ። አንድ የፉል ኤችዲ ምስል ሁለት ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 3 ባይት ይፈልጋል። ወደ 6.2 ሚሊዮን ባይት ሆነ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 149 ሜጋባይት ገደማ። የሁለት ሰዓት ፊልም ከ1 ቴራባይት በላይ ይሆናል ማለት ነው። እናንተ ግን ያንኑ ፊልም 2 ጂቢ አድርጋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ከ500 እጥፍ በላይ ተጨምቋል። እንደ ድርቆሽ ቁጠሩት፤ ደርቆ ይቀመጣል፣ ሲበላ ግን መራስ አለበት። ኮምፒውተሩ ፊልም ባጫወተ ቁጥር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በየሰከንዱ 24 ጊዜ የተጨመቀውን ይፈታል።

የመጭመቂያው ስልት ደግሞ ስም አለው። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ የድሮው ኮምፒውተር ሁሉ ያውቀዋል። ኤች.265 በ2013 መጣ፤ ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ያህል መጠን ስለሚሰጥ ዛሬ ፊልም ጫኞች ሁሉ ወደ እሱ ዞረዋል። የፋይሉ ስም ላይ «ኤክስ265» ወይም «10 ቢት» የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ቪፒ9 እና ኤቪ1 የሚባሉትን ይመርጣል። አሁን ዋናውን ነገር ያዙ፦ ቺፑ ውስጥ ይህን የሚፈታ ለብቻው የተሠራ ክፍል ካለ ኮምፒውተሩ ላብ ሳይጠርግ ያጫውታል። ከሌለ ሥራው በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ከአፍ ቀድሞ ይሄዳል።

ያ ክፍል በኢንቴል ቺፖች ላይ የገባው በየትውልዱ ነው። 4ኛው ትውልድ ኤች.265ን በዚያ ክፍል አይፈታም። 6ኛው ትውልድ፣ የ2015ቱ፣ ባለ 8 ቢቱን ይፈታል። 7ኛው ባለ 10 ቢቱንም፣ ቪፒ9ንም ይፈታል። ኤቪ1 የገባው 11ኛው ላይ ነው። ስለዚህ የ2011ዱ አይ 7-2600፣ ያ 95 ዋት የሚጠጣው ጎረምሳ፣ 4ኬ ባለ 10 ቢት ፊልም ስትሰጡት ያቃስታል። ትንሹ አይ 3-7100ቲ በ35 ዋት ቺፕ እያሾፈ ያጫውተዋል። አይ 3 አይ 7ን አሸነፈ! ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ አሮጌውን አይ 7 ማራገፍ ይፈልጋል። ማንበቡ ደግሞ ቀላል ነው፦ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ ትውልዱ ነው። 7500 ሰባተኛ፣ 8500 ስምንተኛ። አምስት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያዙ።

«ታዲያ ምን ልግዛ?» ከሁሉ በፊት ምንም አትግዙ። እውነቴን ነው። ቴሌቪዥናችሁ ጀርባ ላይ ያለችውን የፍላሽ ቀዳዳ ሞክራችኋል? ሪሲቨራችሁስ? አብዛኛው ኤች.264ን በደንብ ያጫውታል፤ አዲስ ቴሌቪዥን ኤች.265ንም ይችላል። ለእናታችሁ ቤት ይህ ይበቃ ይሆናል። የሚያስቸግራችሁ በሦስት ቦታ ነው። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጂቢ የበለጠ ፋይል አይቀበልም። አንዳንዱ ፊልም ደግሞ ይታያል ግን ድምፅ የለውም፤ የድምፁ ዓይነት ቴሌቪዥኑ የማያውቀው፣ ፈቃድ የሚከፈልበት ስለሆነ ነው። ሦስተኛው የእኛው ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ የግርጌ ጽሑፍ ስትከፍቱ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ሳጥን ሳጥን ብቻ ይደረድርላችኋል። ኮምፒውተር ይህን ሦስቱንም ይገላግላችኋል።

እና መግዛት ካለባችሁ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» የቢሮ ሚኒ ኮምፒውተር ግዙ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ፕሮዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ወፈር ያለ መጽሐፍ ነው የሚያህሉት፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይደበቃሉ። 7ኛ ወይም 8ኛ ትውልድ አይ 3 ወይም አይ 5፣ 8 ጂቢ ራም፣ ኤስኤስዲ። ካጣችሁ 6ኛ። ከዚያ አትውረዱ። ማንም ሻጭ «ይሄኛው ደግሞ 4ኛ ትውልድ ሆኖ አይ 7 ነው» ቢላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ለምን አሁን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከሞላ ጎደል ከ8ኛው ትውልድ በታች አይቀበልም። የውጭ አገር ቢሮዎች 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማሽኖቻቸውን የሚያወጡት ስለተበላሹ አይደለም፤ ቀናቸው ስላለፈ ነው። እነሱ ዘንድ ቀኑ ያለፈበት ማሽን ሳሎን ውስጥ ፊልም ለማጫወት አንዳች አይጎድለውም። ቃሊቲ ጉምሩክ አጥር ሥር የምንኖር ሰዎች ስለ ዕቃ አመጣጥ አስተማሪ አያስፈልገንም፣ አይደል? ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጠዋት የተጻፈ ዋጋ ማታ ሌላ ነው። ብቻ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

የመብራቱንም ነገር አስቡ። ቁጥራቸው መጨረሻ ላይ «ቲ» ያለባቸው ፕሮሰሰሮች 35 ዋት ናቸው፤ ማሽኑ በሙሉ ፊልም ሲያጫውት ብዙውን ጊዜ ከ20 ዋት ብዙም አያልፍም። አዳፕተራቸው እንደ ላፕቶፕ ከውጭ ስለሆነና ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዘሎ ከሚመጣው ቮልቴጅ ጋር ሲጋጭ ቀድሞ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ አዳፕተሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ይተካል። (በአገሪቱ ከቀደሙት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ ከእኛው በታች አቃቂ ወንዝ ላይ ተቀምጦ እኛ ሻማ ስንፈልግ መኖራችን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ራዝቤሪ ፓይ የምትሉኝ ልጆች፣ እወደዋለሁ፣ ለመማሪያ የሚስተካከለው የለም። ግን እዚህ አገር አዳፕተሩን፣ ሳጥኑን፣ ሚሞሪ ካርዱን ስትደምሩበት ከሚኒው አይረክስም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ይበላሻል። አዲሱ ፓይ 5 ደግሞ ለኤች.264 የነበረውን መፍቻ ክፍል አውጥተውታል፤ በፕሮሰሰሩ ነው የሚገፋው።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ይህን አድርጉ። ጀርባውን እዩ፤ ብዙዎቹ የቢሮ ሚኒዎች ኤችዲኤምአይ የላቸውም፣ ዲስፕሌይ ፖርት ነው ያላቸው። መቀየሪያውን እዚያው አስጨምሩ። «በቪጂኤ ይሠራል» ካላችሁ አትስሙት፤ ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ የድሮው መሥሪያ ቤት ፓስወርድ ከዘጋበት አትውሰዱት። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ቤት ስትደርሱ ዊንዶውሱ ላይ ቪኤልሲ ጫኑ፣ ወይም ማሽኑ ለፊልም ብቻ ከሆነ ሊብሬኤሌክ የሚባለውን ከኮዲ ጋር ጫኑበት። ኮዲ እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ መጫወቻ ተብሎ የተጀመረ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የግርጌ ጽሑፉን ፊደል የግዕዝ ፊደል ባለው ከቀየራችሁለት አማርኛውንም ያሳያል።

4ኬ በኢንተርኔት አያለሁ የሚል ካለ ደግሞ አንድ ቁጥር ይያዝ። ኔትፍሊክስ ለ1080 በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት ይመክራል። በዚህ ፍጥነት የሁለት ሰዓት ፊልም ለ1080 4.5 ጂቢ፣ ለ4ኬ 13.5 ጂቢ ይሆናል። ማረጋገጫ የሌለው ሳጥን ላይ ደግሞ ኔትፍሊክስ ከተራው ጥራት በላይ አይሰጣችሁም፤ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ሻጮቹ ልጆቼ። የምትመልሱልኝን አውቃለሁ፤ አንዱ ፊት ለፊት ብሎኛልም። «ቲቸር፣ ሕዝቡ ገንዘብ የለውም። ሳጥኑ ርካሽ ነው። ሚኒ ኮምፒውተር ግዛ ብለው ይሮጣል።» እሺ። ገንዘብ የሌለው ሰው ነው እንግዲህ ስህተት የማይችለው። የክር ፋብሪካ ሠራተኛዋ ከወር ደመወዟ ቆጥባ ለልጆቿ የገዛችው ሳጥን በስድስት ወሩ ሲግል፣ ሲዘጋ፣ ሪሞቱ ሲሞት፣ ሌላ የምትገዛበት የላትም። ሀብታሙማ ጥሎት ሌላ ይገዛል። ርካሹን ለድሃ ሸጥኩ ማለት ደግ ሥራ የሚሆነው ዕቃው የተባለውን ሲሆን ነው።

ደግሞ አንድ የረሳችሁት ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። እዚህ እኛ ክፍለ ከተማ ማውስ ጨብጦ የማያውቅ፣ ኪቦርድ ላይ የስሙን ፊደል በአንድ ጣት እየፈለገ የሚጽፍ ልጅ አስተምሬአለሁ፤ ብዙ። ያ ልጅ ፈተና አዳራሽ ገብቶ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ የሚፈራው ፊዚክሱን ብቻ አይደለም። እቤቱ ደግሞ «8ኬ» ሳጥን አለ። ሳጥኑ ሪሞት እንጂ ኪቦርድ አልለመደም፤ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ቀጣዩን ክፍል መጫን ነው። ያቺ ሚኒ ግን ማታ ፊልም አሳይታ ጠዋት ኮምፒውተር ናት። ርካሽ ኪቦርድና ማውስ ሰክታችሁ ልጁ ይጻፍባት፣ የትምህርት ሚኒስቴርን መጽሐፍ ይክፈትባት፣ ፓይተን ይሞክርባት፣ ያበላሻት፣ መልሶ ይጫናት። እናንተም እኮ እንዲያ ነው የተማራችሁት፤ ላብ ውስጥ ስንት ማሽን እንዳበላሻችሁ ላስታውሳችሁ?

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። አትሽጡ አላልኩም፤ ሸጡ። ብቻ ካርቶኑ «16 ጂቢ» ቢልም እናንተ ከፍታችሁ ያያችሁትን 2 ጂቢ በብዕር ጻፉበት። አይ 7 ስትሉ ትውልዱን አብራችሁ ጥሩ። ሱቃችሁ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ይብራ፤ ገዢው በራሱ ፍላሽ፣ በራሱ ፊልም ይሞክር። ይህን ያደረገ ተማሪዬ ካለ ኮሜንት ላይ ሱቁ የት እንዳለ ይጻፍ፤ በነጻ አስተዋውቀዋለሁ፣ ሰውም እልካለሁ።

ገዢዎች ደግሞ ፍላሽ ላይ አንድ ኤች.265 ባለ 10 ቢት ፊልም ጭናችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አሥር ደቂቃ ይጫወት። መሃል ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ አድርጉት፤ የሚቆራረጥ ከሆነ እዚያ ነው የሚታየው። «መሞከር አይቻልም» ካላችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሦስት እርምጃ ነው። ቁጥሩ ግራ ያጋባችሁ የፕሮሰሰሩን መለያ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አድርጉት፤ ማታ ከእራት በኋላ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የካርቶኑን ፎቶ ግን አትላኩልኝ።